ቁልቢ ልውጣ ወይስ ልቅር?

የዛሬው ደብዳቤ ከድሬዳዋ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋን ሊያሳውቅ የሚችል ነገርም አውጥቻለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆነን፤ ልጅ የለንም። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። በወር ውስጥ ቤት የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። ሰው ጥሩ ነው፤ ክፉ አይወጣውም። ተመርመር ስለው ግን ‹እኔ ምን ሆኜ?› ይላል።

እኔ ያልሄድኩበት የለም። ጸበል ተጠምቄአለሁ፣ ሱባዔ ገብቻለሁ። ሐኪም ቤት አልትራሳውንድ ታይቼ ‹ምንም የለብሽም› ተብያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ቁልቢ ወጥቼ ለገብርኤል ጥላ ተሳልኩ። አብራኝ የተሳለችው ጎረቤቴ ዛሬ ሁለት ልጅ አላት። እኔ እንደወጣሁ ቀረሁ። አንድ አጥማቂ ‹ዓይነ ጥላ አለብሽ› አለኝ። አማቴ ደግሞ ‹እምነትሽ ቢጎድል ነው› ይላሉ። ከፋሲካ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። ባጃጅ ስይዝ እንኳ በደጁ እንዳያልፍ በሌላ መንገድ ዙር እለዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ተቀይሜዋለሁ። ጸሎት ስጀምር አፌ ይደርቃል።

በመስከረም ማለቂያ የባለቤቴ እህት ሴት ልጅ ወለደች። ገንፎ ልበላ ሄጄ አንዷ ሴትዮ ቅቤ የነካ ጣቷን እየላሰች ‹ያንቺንስ ገንፎ መቼ ነው የምንበላው?› አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

አሁን የልጅቷ ሰማንያ ቀን ታኅሣሥ 19 አካባቢ ስለሚውል ቁልቢ ነው ክርስትና የምትነሣው። ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ አሉኝ። ልጅቷን እወዳታለሁ። ግን እዚያ ተራራ ላይ የሰው ልጅ አቅፌ መቆም እችላለሁ? እምነቴስ ጨርሶ ጠፍቶ ይሆን?»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሣሽ እሱ ይመስለኛል። እምነትሽ አልጠፋም። ሰው የለም ያለውን አይቀየምም። አንቺ አኩርፈሻል፣ ደጁን ላለማየት ባጃጅ ታዞሪያለሽ። ይሄ ከሚያውቁት ጋር የሚደረግ ነገር ነው። እምነቱ የጠፋበት ሰው ቁልቢ ልውጣ ልቅር ብሎ አይጨነቅም። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ትዝ የሚለው የትራንስፖርት መወደድ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ያቆሰሉሽን ቃላት አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። «እምነትሽ ቢጎድል ነው» ያሉት አማትሽ ናቸው። «ዓይነ ጥላ አለብሽ» ያለው አጥማቂው ነው። «ያንቺን ገንፎ መቼ ነው» ያለችው ቅቤ የምትልሰው ሴትዮ ናት። ሁሉም ተናጋሪ አላቸው። «እግዚአብሔር እንዲህ አለኝ» የምትይው ግን አንድም አላገኘሁም። እሱ ዝም ነው ያለሽ። ዝምታው ራሱ ያማል፤ አላቃልለውም። ቢሆንም ዝም ያለውን አምላክ ሌሎች በስሙ በተናገሩት እየከሰስሽው ነው። እስቲ ክሱን እንለያየው። ከእሱ ጋር ያለሽ ጠብ ለብቻው ይሁን፤ ከሰዎቹ ጋር ያለሽም ለብቻው።

የሐናን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ልጅ የሌላት ሴት ሆና ይህ ታሪክ ያልተሰበከላት የለችም። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው መጨረሻው ነው፤ አለቀሰች፣ ተሳለች፣ ሳሙኤልን ወለደች፣ እልል በሉ! እኔ መሐሉን እንድታነቢው ነው የምፈልገው። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ነው፤ ዛሬ ማታ ክፈቺው።

በየዓመቱ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ሴሎ ይወጣል። እንደ ቁልቢ ንግሥ ቁጠሪው። መሥዋዕት ይቀርባል፣ ሥጋ ይከፋፈላል። ጣውንቷ ፍናና በልጆቿ ተከብባ በየዓመቱ ያንኑ ቁስል ትነካካለች። ሐና ታለቅሳለች፤ እህል አትቀምስም። ባሏ ሕልቃና ሊያባብላት ይሞክራል። «ከዐሥር ልጅ እኔ አልሻልሽም ወይ?» ይላታል። ደግ ሰው ነው፤ ይወዳታልም። ግን እሱ ከፍናና የወለዳቸው ልጆች አሉት። ለጠገበ ሰው የራበውን ማጽናናት ቀላል ነው።

ከዚያ ተነሥታ ትጸልያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ በመቃኑ አጠገብ ተቀምጦ ያያታል። ሰክራለች ብሎ ገሠጻት! በል እንግዲህ፤ ካህን ነው፣ የተቀመጠው በእግዚአብሔር ቤት በር ላይ ነው፣ ዓይኑም እሷ ላይ ነበር። ያም ሆኖ ሳተ። የሴትን እንባ ከስካር መለየት ያቃተው ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካለ፣ ድሬ ውስጥ አንድ አጥማቂ ቢስት አይግረምሽ። ዔሊን ላመስግነው፤ እውነቱን ስትነግረው ቃሉን መልሶ ባረካት። አማትሽም አንድ ቀን እንደዚያ ያደርጉ ይሆናል።

አሁን ቁጥር 18ን ልብ በዪ። ሐና ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም ይላል። ገና አላረገዘችም እኮ። ገና ከባሏ ጋር ወደ ቤቷ እንኳ አልተመለሰችም። ምንም ነገር ሳይለወጥ በላች። ለምን ብትይኝ ያላት ሁሉ ወጥቶላታል። ምሬቷን ሳታሳምር አፍስሳዋለች። ያ ሁሉ ምሬት ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ጸሎት ተብሎ ነው የተጻፈው። አንቺ ግን ምሬትሽን ይዘሽ ሽንት ቤት ገባሽ። እዚያ ያፈሰስሽውን እንባ ደጁ ላይ ብታፈሺው ኃጢአት አይሆንብሽም፤ እዚያው ነው ቦታው።

ይህን ካልኩ በኋላ ሰባኪዎቻችን የማይወዱትን ነገር ልናገር። ሐና ወለደች፣ ሣራ ወለደች፣ ራሔል ወለደች፣ ኤልሳቤጥ ወለደች፤ የእመቤታችን እናት ሐናም ወለደች። አንዱን ጨርሰው ሌላውን ሲቆጥሩልሽ «ስለዚህ አንቺም» ለማለት ነው። በቅንነት ያደርጉታል። ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ «ስለዚህ አንቺም» የሚለው ቃል «ታዲያ አንቺስ ምን አጠፋሽ?» ይሆናል። ማንም «ትወልጃለሽ» ብሎ ሊፈርምልሽ አይችልም። እኔም አልፈርምልሽም። ልጅ የእምነት ደመወዝ አይደለም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በየሰፈሩ በጣም የሚጸልዩት ብዙ ልጅ፣ የማይጸልዩት ደግሞ ምንም አይኖራቸውም ነበር። አንቺም እኔም ሰፈራችንን እናውቀዋለን።

ሁልጊዜ የምንዘልለው አንድ የራሳችን ሰው አለ። የኢትዮጵያ ጃንደረባ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ባኮስ የምንለው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ አለ። ጃንደረባ ነው፤ የልጅ ነገር ለእሱ የተዘጋ በር ነው። በሠረገላው ተቀምጦ ሲያነብ ፊልጶስ ደረሰበት። የሚያነበው ኢሳይያስን ነበር፤ ዛሬ ምዕራፍ 53 በምንለው ላይ። ጥቂት ምዕራፍ ቢቀጥል 56 ላይ ስለ ራሱ የተጻፈ ነገር ያገኝ ነበር፦ «ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል።» ለእንዲህ ያለው ሰው እግዚአብሔር በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጣለሁ ይላል። «ልጅ እሰጠዋለሁ» አላለም። «ከልጅ የሚበልጥ ስም» ነው ያለው። ያ ሰው ተጠመቀ፤ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። ኢትዮጵያ ክርስትናን ስትቆጥር ከእሱ ነው የምትጀምረው። ልጅ አልነበረውም ብሎ ስሙን የሚያሳንስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ይህ ሐዘንሽን እንዲያጠፋልሽ አልጠብቅም። ብቻ መጽሐፉ ውስጥ ካልወለዱትም ጋር የተቀመጥሽበት ቦታ እንዳለ እንድታውቂ ነው።

ሙስሊም እህቶቼም ይህን ዓምድ ታነባላችሁ፤ ድሬ ተቀምጦ ለአንድ ወገን ብቻ መጻፍ አይቻልም። ነቢዩ ዘከሪያ ሸምግሎ «ጌታዬ ሆይ፣ ብቻዬን አትተወኝ» ያለበት ዱዓ በቁርኣን አል-አንቢያ 89 ላይ ነው። ይህን ታውቃላችሁ። ግን እናታችን ዓኢሻም ልጅ አልወለዱም። እንዲያም ሆኖ በእህታቸው በአስማ ልጅ «እሙ ዐብደላህ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። የእሳቸው እምነት ጎደለ ያለ አለ?

ወደ ስለትሽ ልመለስ። ጎረቤትሽ ሰመረላት፣ አንቺ አልሰመረልሽም። ምክንያቱን አውቃለሁ የሚል ሰው ከመጣ ከአጥማቂው ጋር አስቀምጪው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወላጆቹ?» ሲሉ ጌታ «እሱም ወላጆቹም አይደሉም» ብሎ ነው የመለሰላቸው። ጥላውንም በተመለከተ ዕዳ የለብሽም። «ከሰጠኸኝ» ብለሽ ነው የተሳልሽው፤ ስላልተሰጠሽ የሚጠበቅብሽ የለም። ጎረቤትሽን ማየት ከከበደሽ ደግሞ ለጊዜው አትዪያት። ቀናሁ ብለሽ ሌላ ኃጢአት አትቁጠሪ።

ጸሎቱን እንዴት ልጀምር ካልሽ፣ ትንሽ አድርጊው። አሁን ሱባዔ አትግቢ፤ ጉልበት የለሽም። መዝሙረ ዳዊት 12ን አንብቢ፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። አፍሽ ከደረቀ የዳዊትን አፍ ተዋሺ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ያሉት ሕፃናት ከከበዱሽ በአዘቦት ቀን ሂጂ። ጠዋት የኪዳን ጸሎት ሰዓት ሰው ጥቂት ነው፤ ፀሐዩም ገና አይከርም። መግባት ካቃተሽ ደጁን ተሳልመሽ ተመለሺ። ደጅ መሳለም የአያቶቻችን ነገር ነው፤ ለአንድ ቀን ይበቃል።

አሁን ደግሞ ጸበልና ሐኪም ቤት። እነዚህን ሁለቱን የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው። ጸበልሽን ጠጪ፣ ተጠመቂ። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ግን «ጸበል ላይ ነኝ» ብለሽ አታቋርጪ። ምን እንደሆነ የማይታወቅ የተቀቀለ ሥር ደግሞ ከማንም እጅ አትጠጪ፤ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። ሾተላይ ነው የሚልሽም አይጠፋም። ሐኪሞች በዚያ ስም የሚያውቁት የደም ዓይነት አለመጣጣም ጽንሱን ነው የሚጎዳው፤ እርግዝናን አይከለክልም። ዓይነ ጥላ ያለሽ ሰውዬ ደግሞ አንድ ነገር አላየም፤ የባልሽን የላቦራቶሪ ውጤት።

ይህ ነው ትልቁ ጉድለት፣ እህቴ። ሰባት ዓመት ሙሉ የተመረመረው ግማሹ ነው። መውለድ ከሚቸገሩ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ አያምም፣ መርፌ የለውም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ አይደንግጥ፤ ይደገማል። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ወይም ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከወር ከሁለት ወር በፊት በወባ ወይም በሌላ ኃይለኛ ትኩሳት ተኝቶ ከነበረ የዛሬውን ውጤት ሊያበላሸው ይችላል። ለሐኪሙ ሁሉንም ይንገር፤ ሲጋራውን፣ ጫቱን፣ የሚወስደውን መድኃኒት።

ያንቺም «ምንም የለብሽም» የሚለው ውጤት አላለቀም። ተራ አልትራሳውንድ ማሕፀንና እንቁላል ማፍሪያን ያሳያል፤ ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸውን ግን አይነግርም። ለእሱ ከወር አበባ በኋላ ቀለም ገብቶ የሚነሣ የራጅ ምርመራ አለ። ቱቦ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ባለፈ ኢንፌክሽን ነው፤ ምንም ሳያሳምም ሊያልፍ ይችላል። የታይሮይድና የሌሎች ሆርሞኖች የደም ምርመራም ይጠየቃል። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ የግል ክሊኒክ፣ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ጋር ሁለታችሁም ሆናችሁ ቅረቡ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ እንቁላልና የወንድ ዘር ከማሕፀን ውጭ የሚገናኙበት፣ አይቪኤፍ የሚባለው ሕክምናም እዚያ ይሠራል። ያንን ከመጀመራችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ብቻ አትቆዩ። ከ35 በኋላ ነገሩ እየከበደ ይሄዳል። ሚስቲቱ ከ35 ዓመት በታች የሆነች ጥንዶች ዓመት ሞክረው ካልሆነላቸው ሐኪም ይዩ ይባላል፤ ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ ስድስት ወር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ማንም ደፍሮ የማይነግርሽ። ባልሽ ሾፌር ነው፣ እናንተ ደግሞ ጿሚዎች ናችሁ፤ በጾም ቀን አትገናኙም። ረቡዕ ማታ ከደወሌ ገብቶ ዓርብ ሌሊት የሚወጣ ሰው ቤቱ የተገኘው መቼ ነው? ሐሙስ! ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ አለ፤ በዓላቱም አሉ። እርግዝና ሊፈጠር የሚችለው ደግሞ በወር ውስጥ ስድስት ቀን ያህል ብቻ ነው፤ እንቁላል የሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀናት። የወንዱ ዘር ሴቷ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ እንቁላሉ ግን አንድ ቀን አይሞላም። እንቁላሉ የሚወጣው ከሚቀጥለው ወር አበባ ዐሥራ አራት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ 14ኛው ቀን አካባቢ፣ 32 ከሆነ 18ኛው አካባቢ ማለት ነው። ስንት ወር ሳትገናኙ እንዳለፈ እስቲ ካላንደር አውጥተሽ አስቢው። አትጹሙ ማለቴ አይደለም፤ ያ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ሁለታችሁ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ነገሩን እንዳለ ንገሯቸው፤ የሥራ ሁኔታውን፣ ቀኖቹን ሁሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ባልና ሚስት የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጸሎት፣ ለጊዜው ብቻ ነው ይላል። ካህን የሚሾመው እንዲህ ያለውን ሸክም ሰምቶ መንገድ እንዲያሳይ ነው። የምታፍሪበት ነገር የለም።

ባልሽን እንዴት ላናግረው ነው ቀጣዩ። ከመንገድ እንደገባ አይሆንም። በርጫ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሳለም አይሆንም። ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ይሁን። «አንተ ነህ ችግሩ» አትበዪው። «እኔ ብቻዬን ታይቼ ግማሽ መልስ ነው ያመጣሁት። ከአንተ ጋር ብሄድ ነው የሚሞላው» በዪው። ብዙ ወንድ የሚፈራው መርፌ አይደለም፤ ወንድነቱን እንዳይነኩበት ነው። የመኝታ ብርታትና የዘር ብዛት አይገናኙም። ይህን ከአንቺ ይልቅ ከሐኪም አፍ ቢሰማው ይሻላል። እምቢ ካለሽ ተቆጪ። ሰባት ዓመት ያንቺ ሆድ ሲታይ ከርሟል፤ አንድ ጠዋት ለእሱ አይበዛበትም።

አሁን ቁልቢ። እኔ ብሆን አነሣት ነበር። «ልጅቷን እወዳታለሁ» ያልሽው ዓረፍተ ነገር በደብዳቤሽ ካሉት አጫጭሮች አንዱ ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገሽም። ክርስትና እናትነት የአንድ ቀን ፎቶ አይደለም፤ ልጅቷ ዳዊት ስትደግም፣ ስትታመም፣ ስታገባ አንቺ አለሽ። እሷ ለልጅ ምትክ ትሁንሽ አላልኩም፤ አትሆንም። እሷ እሷ ናት።

ግን ሰው አሳፈረኝ ብለሽ እሺ አትበዪ። የልጅቷን እናት ለብቻዋ አግኝተሽ ንገሪያት። «ላነሣት ደስ ይለኛል፤ እዚያ እንባ ቢመጣብኝ ግን እንዳትቀየሚኝ፣ በልጅሽ ቀን አዘነች እንዳትዪ» በያት። ደህና ሰው ከሆነች አብራሽ ታለቅሳለች። ከእነሱ ወገን ያልሆነ ሰው፣ የራስሽን እህት ወይም ጓደኛ፣ ይዘሽ ውጪ። ደንገጎን አልፋችሁ ብርዱ ሲጀምር ጋቢ የምታለብስሽ፣ ስለቱ የደረሰለት ሰው ሲመሰክርና እልልታው ሲቀልጥ ክንድሽን ይዛ ከሕዝቡ ወጣ የምታደርግሽ ሰው ትሁን። አይዞሽ ባይ አትፈልጊ፤ ዝም ብላ የምትቆም ይሻላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ንስሐ አባትሽን አግኚ። ሕፃን በሃይማኖት አሳድጋለሁ ብለሽ ቃል የምትገቢው ከፋሲካ ጀምሮ ያኮረፍሽውን ደጅ ሳትረግጪ መሆን የለበትም።

ታኅሣሥ ገብቶ አሁንም ሆድሽ እምቢ ካለሽ፣ አልችልም በዪ። በጊዜ ንገሪያቸው፤ ሌላ ሰው ያዘጋጁ። ይህ ክህደት አይደለም። ገብርኤል በወሩ 19 ሁሉ አለ፤ ጸጥ ባለ ወር ብቻሽን ትወጫለሽ።

የገንፎዋን ሴትዮ አልረሳኋትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ውስጥ በሆነ ወቅት መውለድ ይቸገራል። ያን ቀን ገንፎው ዙሪያ ስንት ሰው ነበራችሁ? ከሳቁት መሐል እንዳንቺ የሳቀች ሌላም ትኖር ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ መልስ ካስፈለገሽ «እግዜር ያውቃል፤ አንቺ ግን ገንፎሽን ብዪ» በዪና ወደ ሌላ ወሬ እለፊ። ማስረዳት የለብሽም።

አማትሽን ለባልሽ ተዪለት። እናቱ ናቸው፤ የሚሰሙትም እሱን ነው። «እማዬ፣ ሁለታችንም ሐኪም ጋ እየታየን ነው። ከእንግዲህ የምትጠይቂው ካለ እኔን ጠይቂኝ» ይበላቸው። የምርመራው ወረቀት ሲመጣ ጥፋቱ የማን ሆነ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ያንቺም ይሁን የእሱ፣ ወረቀቱ ከእናንተ መኝታ ቤት አይውጣ።